ምዕራፍ 6፦ የሲኒው አፍ ክብ አይደለም

የሥዕል ትምህርት ቤት በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት መምህራችን ጠረጴዛ ላይ ረከቦት አስቀመጡ። ረከቦቱ ላይ አንዲት የጠቆረች ጀበናና አራት ነጫጭ ሲኒዎች አሉ። «በሉ እንግዲህ ሳሉ» አሉንና በሩን ዘግተው ወጡ። ሠላሳ ያህል ነበርን። ሁላችንም በየሰፈራችን «ሰዓሊው»፣ «ሰዓሊዋ» እየተባልን ያደግን፣ የመግቢያ ፈተና አልፈን የመጣን ነን። እኔ የጎረቤቶቼን ፎቶግራፍ በእርሳስ እያሳደግሁ ስስል የኖርኩ ስለነበርኩ ጀበናና ሲኒ ሳል መባሌ ቅር አሰኝቶኝ ነበር።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሱ። ሥዕሎቻችንን ግድግዳው ላይ አስደረደሩና አንድ ጥያቄ ጠየቁን።

«የሲኒው አፍ ቅርጹ ምንድን ነው?»

«ክብ!» አልን በአንድ ድምፅ።

«ከተቀመጣችሁበት ሳትነሱ እዩትና ደግማችሁ ንገሩኝ።»

አየን። ክብ አልነበረም። ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚያየው ሰው የሲኒ አፍ የተጋደመ፣ ጠበብ ያለ ሞላላ ነው። እኛ የሳልናቸው ሲኒዎች ግን ከላይ ሆኖ ቁልቁል የሚያያቸው ሰው ያለ ይመስል ክብ አፋቸውን ከፍተዋል። መቀመጫቸውን ደግሞ ሁላችንም በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ያለ መስመር አድርገነዋል፤ ሲኒ ጠፍጣፋ ነገር ላይ እንደሚቀመጥ እናውቃለንና። እውነቱ ግን የታችኛውም ጠርዝ ይጎብጣል። እንዲያውም ከዓይናችን ከፍታ ይበልጥ ዝቅ ያለ በመሆኑ ከአፉ ይልቅ ወደ ክብነት የሚጠጋው እሱ ነው።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ሠላሳ ሰው በሠላሳ አቅጣጫ ተቀምጦ ሠላሳ ዓይነት ሲኒ ማየት ነበረበት። ግድግዳው ላይ የተደረደሩት ግን አንድ ሰው ሠላሳ ጊዜ የሳላቸው ይመስሉ ነበር። ፊታችን ያለውን ሲኒ ማንም አላየውም። የሳልነው ጭንቅላታችን ውስጥ የኖረውን፣ ሁላችንም የምንጋራውን ሲኒ ነው።

በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያው ዓመት ፋውንዴሽን ይባላል፣ መሠረት ማለት ነው። የዓመቱ ሥራዎች ከውጭ ለሚያያቸው ሰው ምንም የሚያገናኛቸው ነገር ያለ አይመስልም፤ ግራጫ ሣጥን መቀባት፣ የተገለበጠ ወንበር መሳል፣ ባለቀለም ወረቀት መቁረጥ፣ ጋዜጣ ማጠፍ። ወላጆቻችን ሳይቀሩ «ሥዕሉን መቼ ነው የምትጀምሩት?» እያሉ ይጠይቁን ነበር። ሁሉም ግን የአንድ ትምህርት ልዩ ልዩ ገጽታዎች ናቸው። ትምህርቱ በአንድ ቃል «ማስተያየት» ይባላል። አንዱን ከሌላው ጋር ማወዳደርን አማርኛ የጠራው «ማየት» ከሚለው ሥር ባወጣው ቃል ነው፤ የዚህን ምዕራፍ ግማሽ ቋንቋችን ቀድሞ ጽፎታል ማለት ይቻላል።

ዓይን ስም ሲያነብ

በምዕራፍ 2 ስለ ነጠላ የተነጋገርነውን አስታውሱ። ነጭ ነጠላ ፀሐይ ላይም፣ ዛፍ ጥላ ሥርም፣ ማታ በቢጫ አምፖል ሥርም ነጭ ሆኖ ነው የሚታየን። ወደ ዓይናችን የሚገባው ብርሃን ግን በሦስቱም ቦታ የተለያየ ነው። አንጎል ብርሃኑን ይቀበልና ስለ ጨርቁ ማወቅ የሚፈልገውን ያህል አውጥቶ የቀረውን ይጥለዋል። ለኑሮ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ሲኒ ለማንሳት የምትዘረጋ እጅ የሚጠቅማት አፉ በእውነት ክብ መሆኑን ማወቅ ነው፤ ከወዲህ በኩል ሞላላ መስሎ መታየቱ ምንም አይሠራላትም። ለሰዓሊ ግን ዋናው ያ የተጣለው ነው።

በየቀኑ የምትይዙትን አንድ የብር ኖት አስቡ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጀርባው ላይ ምን እንዳለ፣ ቁጥሩ በየትኛው ማዕዘን እንደተጻፈ ለመናገር ሞክሩ። ብዙዎቻችን እንደናገራለን። ሺህ ጊዜ ብንቆጥረውም የምናየው ስሙን እስክናነብ ድረስ ብቻ ነው። «መቶ ብር» ካለ በኋላ ዓይን ሥራውን ጨርሷል። በመጀመሪያው ሳምንት እኛም ሲኒውን ያየነው ልክ እንዲሁ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የሚታወቀውን መሳል በራሱ ስሕተት አይደለም። የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊዎቻችን ቅዱሳንን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት፣ ክፉዎችን ደግሞ በአንድ ዓይን ከጎን የሚስሉት ሥርዓት አበጅተውለት፣ ለሚያነበው ምእመን ትርጉም እንዲሰጥ ብለው ነው። የትኛውን እንደሚተዉና የትኛውን እንደሚይዙ መርጠዋል። እኛ ሠላሳዎቹ ግን የመረጥነው ነገር አልነበረም፤ ያየን መስሎን ነበር።

ወንበሩን ተዉት

በሁለተኛው ሳምንት መምህራችን አንድ የእንጨት ወንበር ገልብጠው፣ እግሮቹን ወደ ላይ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አቆሙ። «ወንበሩን እንዳትነኩብኝ። በእግሮቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ብቻ ሳሉ።»

«ባዶ ምኑ ይሳላል ቲቸር?» አለች አንዷ።

ሰዓሊዎች ኔጌቲቭ ስፔስ ይሉታል፤ እኛ ባዶው ቦታ እንበለው። በወንበሩ እግሮችና በማገሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ስም የለውም። ሦስት ማዕዘን የሚመስል፣ አንዱ ጎኑ ረዝሞ ሌላው የተቆለመመ፣ ከዚህ በፊት ማንም አይቶት የማያውቅ ቅርጽ ነው። ስም ስለሌለው አንጎል «ይህን አውቀዋለሁ» ብሎ የሚያቀርበው የተዘጋጀ መልስ አጥቶ ዓይን ለመጀመሪያ ጊዜ ለመሥራት ይገደዳል፦ ይህ ጎን ከዚያኛው ስንት እጥፍ ይረዝማል? ይህ መስመር ከወረቀቱ ጠርዝ ምን ያህል ያዘነብላል? ይኸኛው ክፍተት ከወዲያኛው ይሰፋል ወይስ ይጠባል? ክፍተቶቹን አንድ በአንድ በእርሳስ አጠቆርን። ሲያልቅ ማንም ያልሳለው ወንበር መካከል ላይ ነጭ ሆኖ ቆሞ አገኘነው። ወንበር እንድንስል ታዘን ቢሆን ኖሮ ከመካከላችን እንዲያ አድርጎ የሚስል አልነበረም።

የኢትዮጵያን ካርታ በቃሉ የሚስል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የምሥራቁን ቀንድ ያሳጥረዋል ወይም ያስረዝመዋል። ኤርትራን፣ ጂቡቲን፣ ሶማሊያን፣ ኬንያን፣ ደቡብ ሱዳንንና ሱዳንን ዙሪያውን እያስተያየ ቢስል ግን መካከል ላይ ኢትዮጵያ ራሷ ወጥታ ትጠብቀዋለች። የወንበሩም ነገር እንደዚሁ ነው፤ ድንበሩን የሚያውቁት ጎረቤቶቹ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1979 ቤቲ ኤድዋርድስ የተባሉ አሜሪካዊት የሥዕል መምህር ባሳተሙት ዝነኛ መጽሐፍ ውስጥ ፒካሶ የሳለውን የሙዚቃ ደራሲውን የስትራቪንስኪን ምስል ገልብጦ፣ ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጎ መቅዳትን እንደ ልምምድ አቅርበዋል። ሥዕል አልችልም የሚሉ ብዙ ሰዎች በተገለበጠው ላይ ከቀናው ይልቅ ጥሩ አድርገው ይቀዳሉ። ሴትየዋ ምክንያቱን በአንጎል ግራና ቀኝ ክፍል መከፋፈላቸውን የአንጎል ተመራማሪዎች ነገሩን ከልክ በላይ ያቀለለ ነው ብለው ተችተውታል። ልምምዱ ግን ለብዙዎች ይሠራል። የተገለበጠ አፍንጫ አፍንጫ መሆኑ ይረሳል፤ የሚቀረው መስመርና የመስመር ጎረቤት ነው።

በፊልም ላይ ሰዓሊ ክንዱን ዘርግቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በእርሳስ ሲለካ አይታችሁ ይሆናል። የሚለካው ሴንቲ ሜትር አይደለም። የሲኒውን ቁመት በአውራ ጣቱ እርሳሱ ላይ ይይዝና ጀበናው ያ ልክ ስንት ጊዜ እንደሚሆን ይቆጥራል። የኛ ጀበና ሦስት ሲኒ ከግማሽ ነበረች። ክንድ ግን ሳይታጠፍ ቀጥ ማለት አለበት። እኔ ሲደክመኝ ክርኔን አጠፍ አደርግ ነበር፤ እርሳሱ ወደ ዓይኔ ሲቀርብ መለኪያው ሳላውቀው ይለወጥብኛል። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያዋ የለካኋት ጀበና አንገቷ የአንዲት ጀበና፣ ሆዷ የሌላ ጀበና ሆኖ ቀረ።

አሥር ሣጥን

ቀጥሎ የታዘዝነው የአንድ ማታ ሥራ ይመስል ነበር። አሥር ሣጥን በአንድ ረድፍ ሥሩ፤ የመጀመሪያው ነጭ፣ የመጨረሻው ጥቁር ይሁን፤ በመካከል ያሉትን ስምንቱን እኩል በእኩል እየጠቆሩ እንዲሄዱ አድርጋችሁ ግራጫ ቀቡ። ይኸው ነው።

እኔ በሒሳብ ገባሁበት። ለሁለተኛው ሣጥን ስምንት ማንኪያ ነጭ ከአንድ ማንኪያ ጥቁር፣ ለሦስተኛው ሰባት ከሁለት፣ እያልኩ ቀጠልኩ። ሲደርቅ ከነጩ ወደ ሁለተኛው ያለው እርምጃ ገደል ሆነ፤ የመጨረሻዎቹ አምስት ሣጥኖች ደግሞ ተለይተው የማይታወቁ አንድ ጥቁር ግንብ ሆኑ።

ግማሹ ምክንያት የቀለሙ ነው፤ ጥቁር ቀለም በነጭ ላይ እጅግ ይበረታል። ሌላው ግማሽ የራሳችን ነው። መብራት በጠፋበት ማታ አንድ ጧፍ ያለበትን ክፍል አስቡ። ሁለተኛ ጧፍ ሲለኮስ ክፍሉ ሌላ ክፍል ይሆናል። መቶ ጧፍ በሚነድበት ቤተ መቅደስ ውስጥ ግን አንድ ቢጨመር ማን ያስተውለዋል? የተጨመረው ብርሃን ያው የአንድ ጧፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ጀርመናዊው ኤርንስት ቬበር ሰዎችን ክብደት እያስነሳ ያጠናው ይህንኑ ነው። አንድ ኪሎ ጤፍ ይዞ ግማሽ ኪሎ የተጨመረበት ሰው ወዲያው ያውቃል፤ ኩንታል የተሸከመ ግን ግማሽ ኪሎ ቢጫንበት አይሰማውም። ስሜታችን የሚቆጥረው ምን ያህል እንደተጨመረ ሳይሆን፣ የተጨመረው ከነበረው ጋር ሲተያይ ስንት እጅ እንደሆነ ነው።

ከዚህ የሚመጣ አንድ አስገራሚ ቁጥር አለ። በነጭና በጥቁር እኩል መሃል ያለ የሚመስለን ግራጫ መልሶ የሚልከው ብርሃን ከሚያርፍበት 50 በመቶ ይሆናል ብለን እንገምታለን። የሚልከው ግን 18 በመቶ ገደማ ነው። ፎቶ አንሺዎች ብርሃን ለመለካት የሚጠቀሙበት ግራጫ ካርድ በዚህ ልክ የተሠራ ነው።

ማንኪያውን ተውኩትና ዓይኔን ወደ ሣጥኖቹ ድንበር መለስኩ። በሁለት ሣጥኖች መካከል ያለው ድንበር ከሌሎቹ ጎልቶ ከወጣ እርምጃው ሰፍቷል፤ ከደበዘዘ ጠብቧል። አንዱን ሳስተካክል ጎረቤቱ ይበላሻል። በሰባተኛው ሙከራ የሆነውን ዛሬም አልረሳውም። እያንዳንዱን ሣጥን ወጥ አድርጌ ነው የቀባሁት፤ ሳየው ግን በጥቁሩ ጎረቤቱ በኩል ነጣ፣ በነጩ ጎረቤቱ በኩል ጠቆር ብሎ፣ ረድፉ በሙሉ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ሞገድ ሠርቷል። አበላሸሁት ብዬ ደነገጥኩ። መምህራችን ሁለት ነጭ ወረቀት አምጥተው በግራና በቀኝ ያሉትን ሣጥኖች ሸፈኑልኝ። መሃል የቀረው ሣጥን ወዲያው ጠፍጣፋ ሆነ። ወረቀቱን ሲያነሱት ሞገዱ ተመለሰ። «ሲሞገድልህ ደርሰሃል ማለት ነው» አሉኝ።

ፀሐይ ላይ ያለ ከሰል

ዓይን በማስተያየት ብቻ የሚሠራ መሆኑን ከዚህ ይበልጥ የሚያስረግጥ ስሌት አላውቅም። በምዕራፍ 1 የብርሃን መለኪያ የሆነውን ሉክስን አይተናል። የእኩለ ቀን ፀሐይ 100,000 ሉክስ ይደርሳል፤ በአምፖል የበራ ሳሎን 300 ሉክስ ቢኖረው ነው። ከሰል ካረፈበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን፣ ነጭ ወረቀት 85 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። አሁን አባዙት። ፀሐይ ላይ ያለው ከሰል ሳሎን ውስጥ ካለው ነጭ ወረቀት ከ15 እጥፍ በላይ ብርሃን ወደ ዓይናችን ይልካል። ከሰሉ ግን ጥቁር፣ ወረቀቱም ነጭ ሆነው ይታያሉ። ከሰሉን የምናስተያየው አብሮት ፀሐይ ከሚሞቀው ድንጋይና ሣር ጋር፣ ወረቀቱን ደግሞ ሳሎኑ ውስጥ ካለው ሶፋና ግድግዳ ጋር ነውና።

ሰዓሊውን የሚያስጨንቀውም፣ የሚያድነውም ይኸው ነው። እጁ ላይ ያለው ከሁሉ የነጣ ነገር ወረቀቱ፣ ከሁሉ የጠቆረው ቀለሙ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት 20 እጥፍ ቢሆን ነው። ውጭ ግን በፀሐዩና በጨለማው የቤት በር መካከል ያለው ልዩነት ሺህ እጥፍ ሊያልፍ ይችላል። የመርካቶን ቀትር እንዳለ ወረቀት ላይ የሚያሰፍር ቀለም በዓለም ላይ የለም።

ክራር ደርዳሪ ምን እንደሚያደርግ አስቡ። ዘፋኟ ድምጿ ቀጭን ከሆነ ክሮቹን ከፍ፣ ወፍራም ከሆነ ዝቅ አድርጎ ይቃኛል። ከፍ ሲል አንድም ክር በነበረበት ድምፅ ላይ አይቀርም። ይሁንና ከአድማጩ መካከል ተነስቶ «ይኼ ትዝታ አይደለም» የሚል የለም። ቅኝት በድምፆች መካከል ያለው ርቀት ነውና፤ ርቀቱ እስካልተነካ ድረስ ትዝታ በየትኛውም ከፍታ ትዝታ ነው። ሰዓሊውም ቀትሩን በሙሉ ዝቅ አድርጎ ይቃኘዋል። ከሁሉ የበራውን ለወረቀቱ ነጭ፣ ከሁሉ የጨለመውን ለጥቁር ቀለሙ ሰጥቶ በመካከል ያለውን በቅደም ተከተሉ ያስቀምጣል። ዓይን ደርሶ «ፀሐይ!» ይላል። አሥሩ ሣጥን የሚያሠለጥነው ለዚህ ነው፤ የቅኝት ትምህርት ነው።

ሸማኔው የሚያውቀው

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ቀለም ላይ ደረስን። ሥራው እንዲህ ይላል፦ ከአንድ ወረቀት ሁለት ትናንሽ ካሬ ቁረጡ። በሁለት የተለያዩ ቀለሞች ላይ ለጥፏቸውና ሁለት የተለያየ ቀለም አስመስሏቸው። በብሩሽ መቀባት ክልክል ነው፤ በብሩሽ አንድን ቀለም ሁለት ጊዜ በትክክል መደባለቅ ከባድ ነው፣ ወረቀት ግን ያው ወረቀት መሆኑን ማንም አይጠራጠርም። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የገዛሁትን ባለቀለም ወረቀት፣ ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ፣ የመጽሔት ሽፋን ሳይቀር ቆራረጥኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ካሬዎቼ አንድ ዓይነት ሆነው አፈጠጡብኝ። በመጨረሻ አንድ አፈር መሳይ ቡናማ ወረቀት በቢጫ ላይና በጥቁር ሐምራዊ ላይ ሳስቀምጠው ተሰነጠቀ፤ ቢጫው ላይ ጠቁሮ ወደ ሐምራዊ አደላ፣ ሐምራዊው ላይ ደግሞ ነጥቶ ቢጫ ቢጫ አለ።

ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ጎረቤታችን ለነበሩት ሸማኔ ወስጄ አሳየኋቸው። ጉድጓዳቸው ውስጥ እንደተቀመጡ፣ እግራቸውን ከመርገጫው ሳያነሱ ተመለከቱት።

«ጋሼ፣ ሁለቱ ከአንድ ወረቀት የተቆረጡ ናቸው ብልዎት ያምኑኛል?»

«ምን አለው ልጄ፣ የኛ ጣጣ እኮ ነው። እቺን አረንጓዴ ቀይ አጠገብ ሳስገባት ትጮኻለች፣ ሰማያዊ አጠገብ ሳስገባት ታንቀላፋለች። ደንበኛ መጥታ ‹ሌላ ክር ነው የሰጡኝ› ስትለኝ ልቃቂቱን ነው አውጥቼ የማሳያት።»

ትምህርት ቤት ሁለት ሳምንት የፈጀብኝን ነገር ጥለት ሲጥሉ ከኖሩበት ዘመን ጀምሮ ያውቁት ነበር። የሚገርመው ደግሞ ይህን ነገር ወደ ሳይንስ ያስገባው የሸማኔዎች አቤቱታ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1824 ሚሼል ኤዥን ሼቭረል የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት በፓሪስ የሚገኘው ጎብላን የተባለው የንጉሥ የሽመና ማምረቻ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሆነ። ሸማኔዎቹ ከቀለም ቤቱ የሚመጣው ጥቁር ሱፍ ደካማ ነው፣ በሰማያዊና በሐምራዊ ልብስ እጥፋት ውስጥ ጥላ አድርገን ስናስገባው ይደክማል እያሉ ያማርሩ ነበር። ሼቭረል ጥቁሩን ሱፍ ከሌሎች ማምረቻዎች ሱፍ ጋር አመሳክሮ መረመረው። ከማንም አያንስም። ጥፋቱ የማቅለሚያው አልነበረም፣ የጎረቤቱ ነበር። ጥቁሩ ከደማቅ ሰማያዊ ጎን ሲሰለፍ የሰማያዊ ተቃራኒ ወደሆነው ብርቱካናማ ተገፍቶ የዛገ ይመስላል። ኬሚስቱ ኬሚስትሪውን ወደ ጎን ትቶ በ1839 ስለ ቀለሞች መነካካት አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። እኔን ያስደነገጠኝ የግራጫ ሣጥኖች ሞገድም እሱ ካስተዋላቸው ነገሮች አንዱ ነው።

ሕጉን በአጭሩ ለመያዝ በምዕራፍ 4 የሞከርነውን የሦስት ሳህን ውሃ አስታውሱ። አንዱን እጅ ቀዝቃዛ፣ አንዱን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆይተን ሁለቱንም ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ስንከት፣ ያው ውሃ ለአንዱ እጅ ይሞቃል፣ ለሌላው ይቀዘቅዛል። ቀለምም እያንዳንዱ ጎረቤቱን ከራሱ ያርቃል። ቀይ ጎረቤቱን ወደ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወደ ሐምራዊ፣ ብሩህ ወደ ጨለማ ይገፋዋል። ጋሼ «ትጮኻለች» ያሉት አረንጓዴ ክር ቀዩ ገፍቶ ይበልጥ አረንጓዴ ያደረጋት ናት።

ትምህርቱ የመጣበት መንገድ

ለብዙ ዘመን በአውሮፓ ሥዕል የሚማር ሰው የቀደሙትን ሊቃውንት ሥራና የጄሶ ሐውልት ሲቀዳ ዓመታት ያሳልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1919 ቫልተር ግሮፒየስ ቫይማር በተባለች የጀርመን ከተማ ባውሃውስ የተባለውን ትምህርት ቤት ሲከፍት፣ ዮሐንስ ኢተን የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ሁሉም ተማሪ መጀመሪያ የሚያልፍበት የመግቢያ ኮርስ አዘጋጀ። ኢተን በሙያው የሕፃናት መምህር ሆኖ የሠለጠነ ሰው ነበር፤ ይህ በኮርሱ ላይ በግልጽ ይታያል ብዬ አምናለሁ። ሻካራና ለስላሳ፣ ትልቅና ትንሽ፣ ብርሃንና ጨለማ እያለ ተቃራኒዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያስተምር ነበር። በ1923 እሱ ሲሄድ ላስሎ ሞሆሊ-ናጊና ጆሴፍ አልበርስ ተረከቡት። ባውሃውስ በ1933 በናዚዎች ጫና ተዘጋ፤ መምህራኑም ተበተኑ። ሞሆሊ-ናጊ በ1937 ቺካጎ ላይ አዲስ ትምህርት ቤት ከፈተ። አልበርስ ወደ ኖርዝ ካሮላይና፣ በኋላም ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ ሄደ። የሁለቱ ካሬ ሥራ በስፋት የሚታወቀው እሱ በ1963 ስለ ቀለም ባሳተመው መጽሐፍ ነው። እኛም አገር አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ በሚገኘው አርት ኢንስቲትዩት ተምረው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1957 አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ከፈቱ። ገብረ ክርስቶስ ደስታም ጀርመን አገር ኮሎኝ ተምሮ መጥቶ በዚሁ ትምህርት ቤት አስተምሯል።

አልበርስ ባውሃውስ ሳለ ለአዳዲስ ተማሪዎች ጋዜጣ ያድል ነበር። ከዚህ ያሻችሁትን ሥሩ፣ ግን ምንም አታባክኑ ይልና ይወጣል። ሲመለስ ቤተ መንግሥት፣ ጀልባ፣ እንስሳ ተሠርቶ ይጠብቀዋል። አንድ ጊዜ ግን አንዱ ተማሪ ጋዜጣውን በቁመቱ አጥፎ አቁሞታል፤ ሌላ ምንም አላደረገም። አልበርስ ያደነቀው ያንን ነው። ቤተ መንግሥቱ ከድንጋይ ቢሠራ ይሻለው ነበር፤ የታጠፈው ግን ወረቀት ብቻ የሚችለውን ነገር ያሳያል።

እኛም ይህን ሠርተናል። አንድ ወረቀት ያለ ኮላ ጡብ እንዲሸከም አድርጉ ተባልን። ጠፍጣፋ ወረቀት የራሱን ክብደት እንኳ አይችልም። እንደ ቆርቆሮ ወደ ላይና ወደ ታች እያጠፍኩ ስዘረጋው ግን ጡቡን ይዞ ቆመ። የወረቀቱ ስስነት አልተለወጠም፤ የተለወጠው አንዱ ገጽ ለሌላው የሚደገፍበት አኳኋን ነው። ያኔ ነው ወንበሩ፣ ሣጥኖቹና ካሬዎቹ አንድ ላይ የገቡልኝ።

ግድግዳው

ዓመቱ ሲያልቅ የሁሉም ሰው ሥራ አንድ ግድግዳ ላይ ይሰቀልና ተማሪና መምህር ቆሞ ይገመግመዋል። ክሪቲክ ይባላል። እኔ በከሰል የሠራሁትን ትልቅ ሥዕል ይዤ ገባሁ፤ መስኮት ሥር የተቀመጠች ጀበና ናት። የጥላውን ጥቁር ሦስት ማታ ስደጋግምበት ነው ያደርኩት። ከዚህ በላይ ሊጠቁር አይችልም ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። እቤቴ ግድግዳ ላይ ብቻውን ሰቅዬው ሳየው ዓይን ይስብ ነበር።

ትምህርት ቤት ግን ወንበሩ በተገለበጠ ዕለት «ባዶ ምኑ ይሳላል» ካለችው ልጅ ሥዕል አጠገብ ተሰቀለ። እሷ ከሰሉን ጨፍልቃ፣ በጣቷ እየጫነች ወረቀቱ ቀዳዳ እስኪመስል አጥቁራዋለች። የኔ ጥቁር በአንድ ጊዜ ጭጋግ ሆነ። ጀበናዬም፣ መስኮቱም፣ ሦስቱም ማታ ጭጋግ ውስጥ ገቡ።

መምህራችን ምንም ሳይናገሩ ሥዕሌን ነቅለው በሌላኛው ጫፍ፣ በቀጭን እርሳስ ከተሠራ ፈዛዛ ሥዕል አጠገብ ሰቀሉት። ጥቁሩ ተመለሰ። ጥቂት አቆዩትና እንደገና ነቅለው ከልጅቷ ሥዕል አጠገብ መለሱት።

«አየህ?» አሉኝ።

«አየሁ ቲቸር።»

ሌላው ሰው ወደሚቀጥለው ሥዕል ሲያልፍ የኔን ከግድግዳው አወረድኩና ከቦርሳዬ ከሰሌን ማውጣት ጀመርኩ።